ድልድይ ሥር የሚከመር ግንድና ግሳንግስ፦ ጎርፍ እንዳያባብስ ለመለካት፣ ለመከታተልና ለማጽዳት ዝርዝር መመሪያ

ድልድይ አጠገብ ያለ መንደር በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ሁሉም የሚጠይቀው ስለ ዝናቡ ነው። ድልድዩ ሥር ምን ተሰንቅሮ ነበር ብሎ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። ስለዚህ ያው ስህተት ይደጋገማል። ድልድዩ የሚታሰበው ውሃው ከመጣ በኋላ ነው። ሰው ገመድና መጥረቢያ ይዞ መቆም በማይገባው ቦታ ይቆማል። ጎርፉ ሲያልፍ ደግሞ ላይ ላዩ ብቻ ይነሳና ሥሩ ለሚቀጥለው ዝናብ ይቀመጣል።

ይህ መመሪያ ወንዝ ዳር ለሚኖሩ፣ ለመንደር የአደጋ ኮሚቴዎች፣ ለመንገድ ጥገና ሠራተኞችና ስሌቱን ገና ለሚጀምሩ መሐንዲሶች የተጻፈ ነው። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ። አብዛኛው ሥራ ማለቅ ያለበት ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ነው።

ከዚህ በኋላ “ከላይ” ስል ውሃው ከሚመጣበት በኩል፣ “ከታች” ስል ውሃው አልፎ በሚሄድበት በኩል ማለቴ ነው።

መጀመሪያ ይህን እወቁ፦ ክምሩ እንዴት ይፈጠራል?

መነሻው ብዙ ጊዜ አንድ ግንድ ነው። ረጅም፣ ጠንካራ፣ ብዙውን ጊዜም ከነሥሩ የተነቀለ። ግንዱ ምሰሶ ላይ ይጋደማል ወይም በሁለት ምሰሶዎች መሐል ይሰነቀራል። ሌላ ግንድ መጥቶ ይደገፍበታል። ቅርንጫፉ በመሐል ይገባል። በመጨረሻ ሣር፣ ቅጠልና ፕላስቲክ ቀዳዳውን ሁሉ ይወትፉታል። ግንዱ ብቻውን ሳለ ውሃ በመሐሉ ያልፋል። ሣሩና ፕላስቲኩ ሲጨመርበት ግን ግድግዳ ይሆናል።

ክምሩ ከውሃው ገጽ ይጀምርና ወደ ታች ያድጋል። አዲስ የመጣው እንጨት በጎርፉ ጉልበት ከሥር ይገባል። ጊዜ ካገኘ የወንዙን ወለል ይነካል። ስለዚህ ዳር ቆማችሁ የምታዩት ክፍል ትንሹ ነው።

ከዚያ በኋላ አራት ነገር ይከተላል፦

1. ከላይ ያለው ውሃ ከፍ ይላል። ዝናቡ ሳይጨምር ወንዙ ይሞላል።

2. በተረፈው ጠባብ ቀዳዳ ውሃው ይፈጥናል። የፈጠነ ውሃ የምሰሶውን መሠረት ከሥር ይቦረቡራል።

3. ውሃው ሌላ መንገድ ይፈልጋል። የመንገዱን ዝቅተኛ ክፍል ይሻገራል፣ የወንዙን ዳር ይንዳል፣ ቤቶች መሐል ይገባል። በእንግሊዝ ቦስካስል መንደር እ.ኤ.አ. ኦገስት 16 ቀን 2004 የሆነው ይኸው ነው። የተነቀሉ ዛፎችና የተወሰዱ መኪናዎች ድልድይ ላይ ተከመሩ፣ ውሃውም በመንደሩ መሐል መንገዱን አበጀ።

4. ክምሩ በድንገት ሊለቅ ይችላል። ያን ጊዜ የተጠራቀመው ውሃ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይወርዳል። በዚያው በእንግሊዝ፣ ሊንማውዝ ላይ እ.ኤ.አ. በኦገስት 1952 ዛፍና ድንጋይ ወንዙን እየገደበ፣ ከዚያም እየተሰበረ የወረደው ጎርፍ 34 ሰዎችን ገድሏል።

ደረጃ 1፦ ድልድዩን በደረቅ ወቅት ለኩ

የሚያስፈልጋችሁ፦ ረጅም ሜትር፣ ቀጥ ያለ ረጅም ዘንግ፣ ደብተር፣ ፎቶ የሚያነሳ ስልክ። ሁለት ሆናችሁ ሂዱ።

1. በምሰሶዎቹ መሐል ያለውን እያንዳንዱን ክፍተት ለኩ። የድልድዩን ጠቅላላ ርዝመት መያዝ ዋጋ የለውም። የሚወስነው ጠባቡ ክፍተት ነው።

2. ከወንዙ ወለል እስከ ድልድዩ ሆድ ያለውን ከፍታ በየክፍተቱ ለኩ። አሮጌ ንድፍ ካላችሁ አወዳድሩት። 3 ሜትር ተብሎ የተሠራው ቀዳዳ ደለል ሞልቶት 2 ሜትር ሆኖ ልታገኙት ትችላላችሁ።

3. እንጨት ሊይዝ የሚችለውን ሁሉ መዝግቡ። ከሆዱ ሥር የተንጠለጠለ የውሃ ቧንቧ፣ የፈረሰ አሮጌ ምሰሶ ጉቶ፣ ተጠጋግተው በረድፍ የቆሙ ቀጫጭን ምሰሶዎች፣ ሽቦ። መከላከያ አጥሩ ድፍን ግንብ ከሆነ ይህንንም ጻፉ፤ ውሃው ወለሉን ሲሻገር አጥሩ ራሱ ግድብ ይሆናል።

4. ፈጣኑ ውሃ የሚሄድበትን መስመር ለዩ። ወንዙ በሚታጠፍበት ቦታ ፈጣኑና ጥልቁ ውሃ ያለው በውጭኛው ዳር ነው። ተንሳፋፊ ግንድ ይህን መስመር ይከተላል። በዚያ መስመር ላይ የቆመ ምሰሶ መጀመሪያ የሚመታው እሱ ነው።

5. ከአንድ ቋሚ ቦታ ፎቶ አንሱ። ቦታውን በቀለም ምልክት አድርጉበት። ወደፊት የምታነሱት ሁሉ ከዚሁ ይሁን፤ አለበለዚያ ለውጡን ማወዳደር አትችሉም።

ደረጃ 2፦ ወደ ላይ ተጓዙና ምን ሊመጣ እንደሚችል እዩ

ብዙዎች የሚዘሉት ይህን ነው። ድልድዩ ንጹሕ ሆኖ ሲያዩት ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ችግሩ ግን ገና ከላይ ተኝቷል።

የወንዙን ሁለት ዳር ይዛችሁ ወደ ላይ ሂዱ። የሚከተሉትን ፈልጉ፦

- ሥሩ በውሃ ተበልቶ ወደ ወንዙ ያዘነበለ ዛፍ
- ባለፈው ጎርፍ መጥቶ አሸዋ ላይ የቀረ ግንድ
- ዳር ላይ የተቆለለ የተቆረጠ እንጨትና ጭድ
- በርሜል፣ የውሃ ታንከር፣ ኮንቴይነር፣ የቆመ መኪና
- ወንዙ ጠርዝ ላይ የተደፋ የቆሻሻ ክምር

የሰው ዕቃን አትናቁ። በጀርመን አር ሸለቆ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ድልድዮችን የዘጋው ዛፍ ብቻ አልነበረም። መኪና፣ ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ቤት)፣ ታንከርና የግንባታ እንጨት አብሮ ተከምሮ ነበር።

አሁን ረጅሙን ግንድ ለኩ። የሚለካው እስከ ቀጭኑ ጫፍ አይደለም። ድልድይ ላይ ተጋድሞ የውሃውን ግፊት ሳይሰበር የሚችለውን ወፍራም ክፍል ብቻ ለኩ። ከዚያ ከጠባቡ ክፍተት ጋር አወዳድሩት። ግንዱ ከክፍተቱ የሚረዝም ከሆነ ከምሰሶ ምሰሶ ተጋድሞ ሊዘጋው ይችላል።

ግንዱ አጭር ቢሆንም አንድ ምሰሶ ብቻውን ክምር ይይዛል። የአሜሪካ ፌዴራል የአውራ ጎዳና አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ጥናት ቀላል መለኪያ ይሰጣል፦ አንድ ምሰሶ ላይ የሚከመረው ክምር ስፋቱ ቢበዛ ከረጅሙ ግንድ ርዝመት ጋር ይቀራረባል። ስለዚህ 8 ሜትር ግንድ ካገኛችሁ 8 ሜትር ስፋት ያለው ክምር ጠብቁ።

ለትንንሽ ድልድዮችና ከልቨርቶች (ከመንገድ ሥር ውሃ ለሚያሳልፉ ቱቦዎችና ቀዳዳዎች) ደግሞ የአውስትራሊያዋን ወሎንጎንግ ከተማ ልምድ ያዙ። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1998 ከደረሰው ጎርፍ በኋላ ሲመረመር፣ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ሲለኩ ከ6 ሜትር በታች የሆኑ ቀዳዳዎች በብዛት ተደፍነው ተገኙ። ከተማዋ በኋላ ባወጣችው የስሌት ደንብ እንዲህ ያሉትን ቀዳዳዎች ሙሉ በሙሉ እንደሚዘጉ አድርጋ ቆጠረች። ደግ ደንብ ነው። የእናንተም ከልቨርት ከዚህ በታች ከሆነ “ይዘጋል” ብላችሁ ጀምሩ።

ማስጠንቀቂያ፦ ይህን አንብባችሁ የወንዝ ዳር ዛፍ መቁረጥ እንዳትጀምሩ። የቆመ ጤነኛ ዛፍ በሥሩ ዳሩን ይይዛል፣ የሚንሳፈፍ እንጨትም ያስቀራል። ዛፉን ስትቆርጡ ዳሩ ይናዳል፣ የተናደው ዳር ደግሞ ከጀርባው ያሉትን ዛፎች ይዞ ይመጣል። የሚነሳው የወደቀው፣ ሊወድቅ የደረሰውና የተቆለለው ነው።

ደረጃ 3፦ ምን ያህል ሊዘጋ እንደሚችል አስሉ

የቀዳዳው ስፋት በውሃው ጥልቀት ሲባዛ ውሃ የሚያልፍበት ቦታ ይገኛል። የክምሩን ስፋት በጥልቀቱ አባዙና ከዚያ ቀንሱ። በሴኮንድ የሚያልፈውን የውሃ መጠን ለተረፈው ቦታ ስታካፍሉት የውሃው ፍጥነት ይወጣል።

ምሳሌ እንሥራ። ድልድዩ 12 ሜትር ስፋት አለው፣ መሐሉ ላይ አንድ ምሰሶ ቆሟል። የምሰሶውን ውፍረት ለጊዜው ተዉት። ጎርፉ 3 ሜትር ጥልቀት አለው። ቦታው 36 ካሬ ሜትር ነው። በሴኮንድ 72 ሜትር ኩብ ውሃ ቢያልፍ ፍጥነቱ በሴኮንድ 2 ሜትር ይሆናል።

አሁን ምሰሶው ላይ 8 ሜትር ስፋትና 1.5 ሜትር ጥልቀት ያለው ክምር ተቀመጠ። 12 ካሬ ሜትር ተዘጋ፣ 24 ቀረ። ያው ውሃ በሴኮንድ 3 ሜትር መሮጥ አለበት።

ውሃው ይህን ፍጥነት የሚያገኘው ከላይ በኩል ከፍ ብሎ በመጠራቀም ነው። ምን ያህል ከፍ እንደሚል በግርድፉ ለማወቅ የእያንዳንዱን ፍጥነት ራሱን በራሱ አባዙና ለ19.6 አካፍሉ፣ ከዚያ ልዩነቱን ውሰዱ። ለ2 ሜትር 0.20 ይመጣል፣ ለ3 ሜትር 0.46። ልዩነቱ 26 ሳንቲ ሜትር ነው። በክምሩ መሐል የሚባክነው ጉልበት ሲጨመር ከዚህም ይበልጣል።

ግማሽ ያህል ተጨማሪ ፍጥነት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን የውሃ ግፊት የሚያድገው ፍጥነቱ ራሱን በራሱ ሲባዛ በሚወጣው ልክ ነው። ከ2 ወደ 3 ሜትር ሲሄድ ግፊቱ 2.25 እጥፍ ይሆናል።

የተዘጋውን እጥፍ አድርጉትና ስሌቱን ድገሙት። ከ36 ካሬ ሜትር 12 ብቻ ቢቀር ፍጥነቱ 6 ሜትር መሆን አለበት። ጭማሪው ከ26 ሳንቲ ሜትር ወደ 1.6 ሜትር ገደማ ይዘላል። መዘጋቱ በእጥፍ ሲያድግ የከፍታው ጭማሪ ስድስት እጥፍ አደገ። በተግባር ውሃው እዚያ ከመድረሱ በፊት መንገዱን ዘሎ ይወጣል። “ትንሽ ግንድ ነው የያዘው፣ ችግር የለውም” የሚባለው አነጋገር የሚያሳስበኝ ለዚህ ነው። ከቀዳዳው ሲሶው ሲዘጋ ብዙ ለውጥ አይታይም። ከዚያ በኋላ ግን ነገሩ በፍጥነት ይገለበጣል።

ስሌቱን ሦስት ጊዜ ሥሩ፦ ክፍት፣ በከፊል የተዘጋ፣ ሙሉ በሙሉ የተዘጋ። ሄክ-ራስ (HEC-RAS) የተባለውን የወንዝ ፍሰት ማስሊያ ሶፍትዌር የምትጠቀሙ ከሆነ በየምሰሶው የክምሩን ስፋትና ከፍታ የምታስገቡበት ቦታ አለው፤ ባዶ አትተዉት።

ሙሉ በሙሉ ለተዘጋው ግን ሶፍትዌር አያስፈልግም። አንድ ጥያቄ ብቻ መልሱ፦ ወደ ድልድዩ ከሚያስገባው መንገድ ዝቅ ያለው ክፍል የት ነው? ውሃው የሚሻገረው በዚያ ነው። ከዚያ ነጥብ በስተጀርባ ያሉትን ቤቶች ቁጠሩ፣ የነዋሪዎቹን ስም ዝርዝር ላይ አስፍሩ።

ውሃው ምን ያህል ርቆ ወደ ላይ እንደሚተኛም ገምቱ። የወንዙ ተዳፋት በ1000 ሜትር 1 ሜትር ከሆነና ድልድዩ ጋ ውሃው ግማሽ ሜትር ከፍ ካለ፣ ተጽዕኖው ወደ 500 ሜትር ይሄዳል። ሜዳማ ወንዝ ላይ ደግሞ ከዚህም ይርቃል። ድልድዩን ከነጭርሱ የማያዩት ሰዎች ቤት ውሃ የሚገባው እንዲህ ነው።

ደረጃ 4፦ ከዝናብ በፊት አጽዱ

1. ድልድዩን ለሚያስተዳድረው አካል በጽሑፍ አሳውቁ። ፎቶና ልኬታችሁን አያይዙ። ማሽን የሚመጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

2. መጀመሪያ ድልድዩ ላይ ያለውን አንሱ። ከዚያ በወንዙ ውስጥ የቀረውን፣ በመጨረሻ ዳር ላይ ያለውን።

3. ረጃጅሙን ግንድ ቆራርጡት። እኔ የምመክረው ከጠባቡ ክፍተት ግማሽ በታች እንዲሆን ነው። ሳታወጡት ቢቀር እንኳ ተጋድሞ አይዘጋም።

4. ያወጣችሁትን ጎርፍ ከሚደርስበት ምልክት በላይ ውሰዱ። ዳር ላይ ቆልሎ መተው የሚቀጥለውን ጎርፍ መቀለብ ነው።

5. የማይነሱ ዕቃዎችን እሰሩ። ባዶ ታንከር ይንሳፈፋል፣ ስለዚህ ቢያንስ ከመሬት ጋር በሁለት ቦታ ይታሰር።

ከልቨርት አፍ ላይ የብረት ፍርግርግ የማድረግ ሐሳብ ሁልጊዜ ይነሳል። በየዝናቡ የሚያጸዳው ሰው ካልተመደበ አታድርጉት። ፍርግርጉ ራሱ ተደፍኖ ውሃውን ከቀድሞው በባሰ ያግዳል። ለትልልቅ ወንዞች ግንድ የሚይዝ ማገጃ ከድልድዩ ርቆ ከላይ በኩል ይሠራል፤ ይህ ግን የመሐንዲስ ንድፍ ይፈልጋል።

ደረጃ 5፦ ሁለት መለኪያ አቁሙ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የምታደርጉ ቢሆን ይህን አድርጉ።

ብዙ ቦታ ያለው መለኪያ አንድ ነው፣ ያውም ምሰሶው ላይ የተቀባ። አንድ መለኪያ ወንዙ መሙላቱን ይናገራል እንጂ ለምን እንደሞላ አይናገርም።

1. አንዱን መለኪያ ከድልድዩ በላይ፣ ሌላውን ከታች አድርጉ። ምሰሶው ላይ አትቀቡ፤ እዚያ ውሃው ይንጣል፣ ክምሩም ይሸፍነዋል። ዳር ላይ ባለ ግንብ ወይም ጠንካራ ቋሚ ላይ ይሁን።

2. በየ10 ሳንቲ ሜትሩ በደማቅ ቀለም ምልክት አድርጉ። በሩቅ፣ በማታም በባትሪ መነበብ አለበት።

3. የሁለቱ ዜሮ በአንድ ከፍታ ላይ ይሁን። ቀያሽ ከሌለ ውሃ የተሞላ ግልጽ የፕላስቲክ ቱቦ ዘርጉ፤ በሁለቱ ጫፍ ያለው ውሃ በአንድ ልክ ይቆማል።

4. ድልድዩ ንጹሕ ሳለ፣ በተለያየ የውሃ መጠን ሁለቱን አንብባችሁ ልዩነቱን መዝግቡ። ይህ የጤነኛው ድልድይ ልዩነት ነው። በጎርፍ ሰዓት የምታወዳድሩት ከዚህ ጋር ነው።

ደረጃ 6፦ በጎርፍ ሰዓት ተከታተሉ

የምትቆሙበት ቦታ ከፍ ያለ ደረቅ መሬት ይሁን። ድልድዩ ላይ አይሆንም። ከጀርባችሁ የማምለጫ መንገድ ይኑር። ከታች በኩል ካለው መንደር አንድ ስልክ የሚያነሳ ሰው አስቀድማችሁ ያዙ።

ሁለቱን መለኪያ በየ10 ደቂቃው አንብቡ። ትርጉሙ ይህ ነው፦

- ሁለቱም እኩል ከፍ ካሉ፦ ጎርፉ ራሱ እየጨመረ ነው።

- የላይኛው በፍጥነት ከፍ ብሎ የታችኛው ከቆመ ወይም ከወረደ፦ ድልድዩ እየተደፈነ ነው። ከላይ ያሉትን ቤቶችና መንገዱ ዝቅ በሚልበት በኩል ያሉትን ወዲያው አስወጡ። ወደ ታችም ደውሉ።

- የላይኛው በድንገት ወርዶ የታችኛው ዘሎ ከተነሳ፦ ክምሩ ለቋል። የታችኛው መንደር ያለው ጊዜ ደቂቃዎች ነው።

- ሁለቱም ከፍ ብለው ልዩነታቸው ከጠፋ፦ መዘጋቱ ከእናንተ በታች ነው። ቀጣዩ ድልድይ ተደፍኖ ወይም የሚገባበት ትልቅ ወንዝ ሞልቶ ውሃውን ወደ ኋላ እየመለሰው ነው።

የታችኛው መለኪያ ሲወርድ ሰው ደስ ይለዋል። “ጎርፉ እየጎደለ ነው” ብሎ ወደ ቤቱ የሚመለስ አለ። ዝናቡ ሳይቆም የታችኛው ውሃ ከጎደለ ይህ ከሁሉ የከፋው ምልክት ነው። ውሃው የትም አልሄደም፣ ከላይ እየተጠራቀመ ነው።

ሌሎች ምልክቶችንም አስተውሉ። ከድልድዩ በላይ ውሃው ረግቶ እንደ ኩሬ ሲሆንና አረፋው ሲቆም። ከታች በአንድ ቀዳዳ ብቻ ነጭ ሆኖ ሲወረወር። ግንድ ምሰሶ ሲመታ የሚሰማ ድም የሚል ድምፅ። ወደ አንዱ ዳር የተጣመመ ውሃ። አስፋልቱ ከድልድዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስንጥቅ ወይም ሰርጎ የወረደ አፈር። ይህ የመጨረሻው ከታየ መንገዱ ከሥሩ ባዶ ሆኖ ሊሆን ይችላል።

ድልድዩን መቼ ትዘጋላችሁ? ውሃው የድልድዩን ሆድ እንደነካ። ከዚያ በኋላ ውሃው ወለሉን ወደ ጎን ይገፋል፣ ወደ ላይም ያነሳል። ውሃው ወለሉን እስኪሻገር አትጠብቁ።

ማንም ሰው የሚከተሉትን እንዳያደርግ ተከላከሉ፦

- ክምሩ ላይ መውጣት። ረግቶ ቢታይም በአንድ ጊዜ ይዞር ይሆናል።

- ከክምሩ በላይ በኩል ውሃ ውስጥ መግባት። ውሃው በእንጨቶቹ መሐል ያልፋል፣ ሰውን ግን እዚያው ለጥፎ ያስቀራል። ጎበዝ ዋናተኛም አይወጣውም።

- ከድልድዩ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ በዘንግ መግፋት።

- በሚፈስ ውሃ መሻገር። 15 ሳንቲ ሜትር ፈጣን ውሃ አዋቂ ሰው ይጥላል። 30 ሳንቲ ሜትር አነስተኛ መኪና ይወስዳል። 60 ሳንቲ ሜትር አብዛኞቹን መኪኖች ያንሳፍፋል።

በጎርፍ መሐል ማሽን የሚሠራው አንድ ሁኔታ ብቻ ሲሟላ ነው፦ ክንደ ረጅም ኤክስካቫተር ያልተሸረሸረ ዳር ላይ ቆሞ ከሩቅ መድረስ ሲችል። ድልድዩ ላይ ቆሞ አይሠራም። ከታች ያለው መንደር ሳይነገረውም አይነካም፤ የተጠራቀመው ውሃ የሚለቀቅበት እሱ ላይ ነውና።

ደረጃ 7፦ ጎርፉ ካለፈ በኋላ አንሱት

ውሃው እስኪጎድል ጠብቁ፣ ቀጣዩን ዝናብ ግን አትጠብቁ። የተረፈ ክምር አዲስ የሚመጣውን ለመያዝ ዝግጁ ነው።

1. ከማንሳታችሁ በፊት ፎቶ አንሱ፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን ለኩ። ለደረጃ 3 ስሌታችሁ ከዚህ የተሻለ መረጃ አታገኙም።

2. ዋናውን ግንድ ለዩ። ሌላው ሁሉ የተደገፈበት ማለት ነው። መጀመሪያ እሱን አትንኩ። እሱ ከተቆረጠ ክምሩ በሙሉ ይንሸራተታል።

3. ከክምሩ አናትና ከጠርዙ ጀምራችሁ ልቅ የሆነውን አንሱ። ሣርና ፕላስቲኩን ቀድማችሁ ብታወጡ ውሃው ያልፍና ግፊቱ ይቀንሳል።

4. ዋናውን ግንድ በማሽን ወይም በጠንካራ ገመድ ከያዛችሁ በኋላ ብቻ ቁረጡ። የተወጠረ ግንድ ሲቆረጥ ይፈናጠራል። የሞተር መጋዝ የሚይዘው የለመደ ሰው ይሁን፣ ከግንዱ መታጠፊያ ፊት ለፊት አይቁም።

5. ገመዱን ከድልድዩ ምሰሶ ወይም አጥር ጋር አትሰሩ። ዳር ላይ ካለ ጠንካራ ነገር ወይም ከማሽኑ ጋር ይሁን። በተወጠረ ገመድ አቅጣጫ ማንም አይቁም፤ ከተበጠሰ ይገርፋል።

6. ሥሩን ሳታወጡ አትሂዱ። በዘንግ ምሰሶውን ዙሪያ ፈትሹ። ጠልቆ የተቀበረ ግንድ ካገኛችሁና መሳቡ መሠረቱን የሚያነቃንቅ ከመሰላችሁ መሐንዲስ ጥሩ።

7. ወደ ታች አትልቀቁት። ይህ በጣም የተለመደ ነው፣ በጣምም ያሳዝናል። የእናንተ ድልድይ ነጻ ይወጣል፣ የሚቀጥለው ይደፈናል።

ከዚያ መሠረቱን መርምሩ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይታለላል። ጎርፉ ሲያይል ምሰሶው ሥር ጉድጓድ ይቆፈራል። ሲጎድል ያው ጉድጓድ በለስላሳ ደለል ይሞላል። በዓይን ስታዩት ምንም ያልሆነ ይመስላል። ቀጭን የብረት ዘንግ ምሰሶው አጠገብ ወደ መሬት ግፉ። ራቅ ብላችሁም እንዲሁ አድርጉ። ምሰሶው ጋ ያለ ችግር ሰተት ብሎ ከገባ፣ ራቅ ያለው ቦታ ላይ ግን ቶሎ ከቆመ፣ ያ ቦታ ተቆፍሮ ነበር። ጥልቀቱን መዝግቡና መሐንዲስ እስኪያየው ከባድ መኪና አታሳልፉ።

ነገሩ አልሄድ ሲል

ክምሩ ትልቅ ነው፣ ማሽን የለም። ሁሉንም በሰው ጉልበት ለማውጣት አትሞክሩ። ውሃው በጎደለበት ጊዜ ከፈጣኑ መስመር ዳር ያለውን አንድ ክፍተት ብቻ ሙሉ በሙሉ ክፈቱ። አንድ ንጹሕ ቀዳዳ ከሦስት በግማሽ ከተጸዱ ይሻላል፤ በግማሽ የጸዳው መልሶ ይይዛል።

በየዓመቱ አንድ ምሰሶ ላይ ብቻ ይከመራል። የወንዙ ፈጣን መስመር ወደዚያ ዞሯል ማለት ነው። ከላይ በኩል አዲስ የአሸዋ ክምር ወይም የተናደ ዳር ፈልጉ። ማጽዳት ብቻውን አይፈታውም። ግንዱን አዙሮ በክፍተቱ በኩል የሚያሳልፍ ቋሚ ከምሰሶው በላይ በኩል፣ ውሃው ከሚመጣበት፣ ማቆም ይቻል እንደሆነ ባለሙያ ጠይቁ።

መለኪያዎቹ ጎርፉ ወሰዳቸው። የውሃውን ምልክት ቶሎ አንሱ። በግድግዳና በዛፍ ላይ የቀረው የጭቃ መስመርና የተንጠለጠለ ሣር ከላይና ከታች ውሃው የደረሰበትን ያሳያል። ዝናብ ሳያጥበው በሚስማር ወይም በቀለም ምልክት አድርጉ። ከላይና ከታች ያለው ልዩነት ከጤነኛው ልዩነት በጣም ከበለጠ፣ ያንን ውሃ ያመጣው መደፈኑ እንደነበር ማስረጃ አላችሁ።

የሚመለከተው አካል “ድልድዩ ለዚህ ጎርፍ ተሠርቷል” ይላችኋል። ንድፉ ክፍት ቀዳዳ ይዞ ተሰልቶ ሊሆን ይችላል። የለካችሁትን የክምር ስፋትና ጥልቀት፣ የሁለቱን መለኪያ ንባብና ከቋሚው ቦታ ያነሳችሁትን ፎቶ አቅርቡ። ከዚያ በትሕትና አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ስሌቱ ላይ ስንት በመቶ ተዘግቷል ተብሎ ተያዘ? መልሱ ዜሮ ከሆነ ስሌቱ በተዘጋ ቀዳዳ እንዲደገም በጽሑፍ ጠይቁ።